የተባረከ መሬት

አባቴ መቁጠሪያ ሲያስደግመን ጠጠር ላይ ያንበረክከን ነበር። የቤታችን ወለል አፈር ስለሆነ ጠጠሩን ከወንዝ ዳር ለቅሞ አምጥቶ አንድ ጥግ ላይ ያፈሰሰው ራሱ ነው። አንዳችን ከተነቃነቅን ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ታናናሾቼ ባንቀላፉ ቁጥር ኩርኩሙ የሚያርፈው የበኩር ልጅ በሆንኩት በኔ ላይ ነበር። ደግ አባት ነበረኝ ብዬ አልዋሽም። አማኝ አባት ነበረኝ።

ከከፋ ነው የመጣው። ካቶሊክነቱን ከአያቱ የወረሰ ሰው ነው። ኮልፌ ሲሰፍር ጎረቤቶቻችን የሸዋና የጎጃም ሰዎች ነበሩ፤ ጣሊያን እስኪገባ ድረስ በሃይማኖታችን ማንም ነገሬ ብሎን አያውቅም። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን እናቴ ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር «ዘመዶቻችሁ መጡላችሁ አይደል?» ይሏት ጀመር። ምን ዓይነት ዘመድ! እኛን ያጠመቁንን ፈረንሳዊ አባ እንኳ ከአገር ያስወጣቸው ጣሊያን ነው።

ጣሊያን በገባበት ክረምት ገና ዳዴ ያላለ ወንድሜ በኩፍኝ ሞተ። አባቴ በነጠላ ጠቅልሎ አቅፎት ቅርባችን ወዳለው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ ከኋላ ተከትዬው ነበር። የደብሩ አለቃ በር ላይ ቆመው አላስገባም አሉ። ጣሊያኖች የአለቃውን ወንድም ገድለው ገደል ከጣሉት ገና ብዙ አልሰነበተም።

«የናንተ ሰዎች ወንድሜን ያለ ፍትሐት ነው የጣሉት» አሉት። «ያንተንም ልጅ እነሱ ይቅበሩልህ።»

አባቴ ሕፃኑን እንዳቀፈ ተመለሰ። ከባሕር ዛፎቹ በታች፣ ከወንዙ አጠገብ ቆፍሮ ቀበረው። ዶፍ ዝናብ ስለነበር ጉድጓዱ አልጠለቀም። በማግስቱ ሲሄድ ጅብ አውጥቶታል። የተረፈውን በነጠላው ቁራጭ ቋጥሮ ይዞ መጣና በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀመጠው። «እኔ የተባረከ መሬት ስገባ ከኔ ጋር ታስገቡታላችሁ» አለን። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ሌላ ነገር ሲያስብ አላየሁትም።

ጣሊያኖች ከከተማው ራቅ ብሎ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ከፍተው ነበር። የነሱ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ካቶሊክ ሠራተኛ ሲሞት በተባረከ መሬት እንደሚቀበር በአስተርጓሚ ተናገሩ። አባቴ የሰማው ይህንን ብቻ ነው።

«ሰው እዚያ ገብቶ እየቀረ ነው አሉ። እባክዎ ይቅሩብኝ» አለችው እናቴ።

«ሳልሄድ ብቀርስ? እኔንም ጅብ ይብላኝ?»

ሰኞ ሰኞ ካሚዮን ወስዶት ቅዳሜ ይመልሰዋል። ሲመጣ ምራቁ ጥቁር ነው፤ እናቴ ጀርባውን በእንዶድ ብትፈትገው ብትፈትገው አይለቅም። እንዲህ ሆኖም ጠጠሩን አልማረንም፤ እንዲያውም አብሮን መንበርከክ ጀመረ፤ ሳል ሲያቋርጠው ደግሞ እንደ እኛው ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ይዞኝ ይሄዳል። ጣሊያኖቹ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ከኋላ እንቆማለን። በሳምንቱ ቀናት አባቴን በአለንጋ የሚነዳው፣ ካፖ የሚሉት ጣሊያን አለቃ ከፊት ለፊታችን ተንበርክኮ ደረቱን ይመታ ነበር። አባቴ ሲወጣ ቄሱን ጠብቆ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃል፤ መሬቱን መቼ ያሳዩኛል? አስተርጓሚው መልሱን ይነግረዋል፦

«ሲያስፈልግህ ታየዋለህ ይላሉ።»

አባቴ ይህን ሰምቶ አመስግኖ እጃቸውን ይስማል። እኔ በንዴት እርር እል ነበር።

ጉድጓዱ የተደረመሰው በቀጣዩ ክረምት ነው። አብሮት የሚሠራ ሰው መጥቶ አባቴ ከውስጥ እንደቀረ ነገረን። የጣሪያው ድጋፍ እንጨት በስብሶ ነበር፤ ካፖው ግን አዲስ እንጨት አላስመጣም። እናቴ አላለቀሰችም። ከአልጋው ሥር ቆርቆሮውን አውጥታ በነጠላዋ ሸፈነችና እኔን አስከትላ በእግር ወጣች። ማታ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ደረስን።

ሠራተኞቹን በእጃቸው ጭምር ሲቆፍሩ አገኘናቸው። ካፖው አስቆማቸው። ከሰሉ ያለው በሌላ በኩል ስለሆነ በዚህ በኩል መድከሙ ትርፍ የለውም አለ። እናቴ እዚያ ቆመው የነበሩት ቄስ እግር ላይ ወደቀች።

«አባ፣ ሬሳውን ያስወጡልኝ። መሬት ቃል ገብተውለት ነበር።»

ቄሱ የአንገት ልብሳቸውን አጥልቀው፣ የተደረመሰው አፍ ላይ ጠበል ረጩ፤ በላቲን አነበነቡ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ይህ መሬት አሁን ተባርኳል። ቃሌን ጠብቄያለሁ ይላሉ።»

እናቴ ተነሣች። ከጉድጓዱ አፍ ላይ በጣቶቿ አፈሩን መጫር ጀመረች። ቆርቆሮውን ስታወጣ ካፖው ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እናቴ የመለሰችውን አስተርጓሚው ነገረው። ካፖው ሳቅ ብሎ መለሰ።

«ይህ ቦታ የሠራተኛ ነው። ሕፃኑ እዚህ ሠርቶ ያውቃል? ይላል።»

ዘብ የቆሙት የጣሊያን አስካሪ ወታደሮች ሳቁ። አንዱ ቆርቆሮውን በጫማው ገፋ አድርጎ ወደኛ መለሰው። ቄሱ የአንገት ልብሳቸውን እያጠፉ ነበር፤ ቀና አላሉም። ሳምንት ሳይሞላ በሌላ በኩል ከፍተው ከተባረከው መሬት ከሰል ማውጣት ቀጠሉ።

ለቅሶው ላይ የደብሩ አለቃ መጥተው ደጅ ተቀመጡ። «ያን ሕፃን አምጪው፤ ከአጥራችን ውስጥ ቦታ እሰጥሻለሁ» አሏት። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባቴ፣ ያኔ ነበር» አለቻቸው።

እናቴ ስትሞት ቆርቆሮውን ለኔ ተወችልኝ። ከሷ ጋር እንድናስገባው አልፈቀደችም፤ የአባቱ ነው አለች። ያ ጉድጓድ የት እንደነበር ዛሬ የሚያሳየኝ ሰው የለም። እኔም አርጅቻለሁ። ለጦር ኃይሎች ቅርብ ነው ቤቴ፤ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሲያልፍ ቆርቆሮው አልጋዬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ልጆቼን አዝዣቸዋለሁ፤ ከኔ ጋር ታስገቡታላችሁ። ቄሱ ከየትም ይምጣ ግድ የለኝም። ጠበሉን ከመርጨቱ በፊት ግን ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ሁለት ሰው መኖራችንን ይይ።