ኩላሊትሽ ደወለች

እኔ በቀን ሁለት ጊዜ የሚደወልልኝ ሴት ነኝ። ጧት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት። ይህን የሚሰማ ሰው ትልቅ ዘመድ ያለኝ ሊመስለው ይችላል። የሚደውልልኝ ግን ራሱ ስልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ኪኒኔን እንዳልረሳ ብላ አላርም ሞልታበት ሰጠችኝ። ጎረቤቴ ከድንጋይ ካቡ ማዶ ሆና ደወሉን ትሰማና «አንቺ፣ ኩላሊትሽ ደወለች» ትለኛለች። አብረን ያደግን ነን፤ ጎረምሳ እረኛ ስንሰድብ ነው አብረን ያደግነው፤ ስለዚህ ምንም ብትለኝ አልቆጣትም።

መጀመሪያ ሰሞን ኪኒኔን ውጬ ዝም እል ነበር። ክረምቱ ገብቶ ጉሙ ደጄ ላይ ሲተኛ፣ ሰውም ከቤቴ ሲርቅ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «አቤት» ማለት ጀመርኩ። ሰው ቢሰማኝ ጠበል ይወስደኝ ነበር።

ኩላሊቷ የልጄ ናት። የኔዎቹ ሁለቱም ደከሙ፤ ፊቴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ደሜን በማሽን እያጠቡ አቆዩኝ። ኋላ ልጄ የራሷን አንዱን ሰጠችኝና ከሆዴ ግርጌ በቀኝ በኩል አስቀመጡልኝ። ስነቃ «እኔ ሁለት ሰጥቼ ወለድኩሽ፣ አንቺ አንድ ትመልሻለሽ?» ብላት አስታማሚው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ቁስሏ እያመማት መሳቅ አልቻለችም፤ ሆዷን በእጇ ይዛ «እማ፣ አታስቂኝ» አለች።

የከተማ ኩላሊት ስለሆነች የመንዝን ውርጭ አልለመደችም። ሰው ሁሉ የበግ ጠጉር ባናውን በትከሻው ሲደርብ፣ እኔ አጥፌ በሷ በኩል ታጠቅኩት።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል ሐኪሙ አጠገቤ ተቀመጠና አስረዳኝ።

«እማማ፣ በደምዎ ውስጥ ዘበኛ አለ። ይህችን ኩላሊት አያውቃትም። ባዕድ ናት ብሎ ሊነክሳት ይነሳል። ኪኒኑ እሱን ያስተኛልናል።»

«ዘበኛው ከተኛ ሌባ ይገባላ።»

«ይገባል። ስለዚህ ደምዎን በየወሩ እናያለን። ዘበኛው ከመጠን በላይ ተኝቶ እንደሆነ፣ ወይም ነቅቶ ኩላሊቷን እየነከሰ እንደሆነ።»

«አንድ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ውሻ ነው የፈለጋችሁት በለኛ።»

«እሱኑ ነው» አለ እየሳቀ። ቀጥሎ ግን የማይደረገውን ነገረኝ። ሰው እንዳልስም፣ ሰውም እንዳይስመኝ። ለቅሶ ቤትና ሰው የታጨቀበት ሁሉ እንዳልገባ። ያልፈላ ውኃና ወተት እንዳልጠጣ፣ ከከብት ጋር አንድ ቤት እንዳልተኛ፣ ሰው በጠጣበት ዕቃ እንዳልጠጣ። ይሄ ልጅ አገሬን አያውቃት፣ እንዴት አድርጎ መንዝን ለቅሞ ከለከለኝ እያልኩ ወጣሁ።

አገሬ ስገባ በጎቼን ለጎረቤቴ በርቢ፣ ግልገሉን ልንካፈል ሰጠኋት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን የሚያሞቁት እነሱ ነበሩ። የበግ ትንፋሽ የሌለበት ቤት እንዴት ያለ ቤት ነው። ሌሊት የሚያመነዥክ የለ፣ የሚያስነጥስ የለ። መደቡ ላይ ተኝቼ የራሴን እስትንፋስ አዳምጣለሁ።

ልጄ የትኩሳት መለኪያም ሰጥታኛለች። ፊደል ስለማልለይ፣ መስተዋቱ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አሰረችልኝ። «ውስጥ ያለው ብርማው መስመር ክሩን ካለፈ፣ እማ፣ ሳታድሪ ነይ» አለችኝ። ሲነጋ ብብቴ ሥር ከትቼ አየዋለሁ። መስመሩ ከክሩ በታች ከሆነ ጤና ነኝ።

በየወሩም ደሜን ለማሳየት ከመሐል ሜዳ ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አፌን በነጠላ እሸፍንና በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። ሰው ሳንባ ነቀርሳ ይዟታል ብሎ ፈንጠር ይላል። አንዲት ሴትዮ «ምን ሆነው ነው አፍዎን የሸፈኑት?» ብትለኝ «ምላሴ ስለት አለው፣ ሰው እንዳልቆርጥ ነው» አልኳት። ሳቀች። ግን እሷም ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ደም የምሰጥበት ጧት ኪኒኑ አይዋጥም፤ አስቀድሞ ደሙ መቀዳት አለበት። ያን ዕለት ልጄ ቤት ሆኜ ስልኩ ሲጮህ አልመልስለትም። ይጩህ እላለሁ። ሌላ ጊዜ እሱ ነው የሚያዘኝ።

ያኔ ቀበሌው ሰውን ሁሉ አንድ ለአምስት እያደራጀ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ደጄ ቆማ «እማማ፣ እርስዎ ከማን ጋር ነዎት?» አለችኝ። «እኔ አንድ ለባዶ ነኝ» አልኳት። ሳቀችና ሄደች። እኔም ሳቅኩ፤ ቤት ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

ከሁሉ የጎዳኝ ማኅበሩ ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ የምንጠጣ ሴቶች ነን። ጽዋው አንድ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ተራ የደረሳት ሴት ጽዋውን ተቀብላ ቤቷ ትወስድና በወሩ ትደግሳለች። ከሕክምና እንደተመለስኩ የራሴን ኩባያ ይዤ ሄድኩ። ጽዋው ሲደርሰኝ ግንባሬን አስነክቼ አሳለፍኩትና ከኩባያዬ ተጎነጨሁ።  ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት «እኛን ነው የተጠየፈችው ወይስ ጽዋውን?» ስትል ሰማሁ። ጎረቤቴ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ቀረሁ። ክረምቱንም ቀረሁ። ተራዬ ለመስከረም እንደነበር ግን አልረሳሁም። ገብሱን ለቅሜ፣ ጌሾውን አዘጋጅቼ፣ ጽዋውን ተቀበይ የሚለኝን ሰው ጠበቅኩ።

የነሐሴዋ ሃያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እልልታ ሰማሁና ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ቆምኩ። በጭቃው መጡ። ጽዋው በመሶብ ውስጥ ሆኖ፣ ጃንጥላ ተይዞለታል። መሶቡን የያዘችው ጎረቤቴ ናት። ደጄ ሲደርሱ እልልታውን ዝቅ አደረጉት። ቀና ብላ አየችኝና፣ አይኗን ወደ ጭቃው መለሰች። አልፈውኝ ወደ ላይኛው ቤት ሄዱ። ወደ ላይ ሲወጡ እልልታው እንደገና ጨመረ።

እንዳላስቸግራት ብለው ነው፣ አልኩ ለራሴ። ታማሚ ናት ብለው ነው። ማታ ስልኩ ሲደውል «አቤት» አላልኩትም። ካቡ ማዶም «ኩላሊትሽ ደወለች» የሚል ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አፌ እህል ጠላ። ከመደቤ ወደ ደጅ ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ። መለኪያውን ብብቴ ሥር ከተትኩ፤ መስመሩ ከክሩ በታች ነው። በማግስቱም በታች ነው። እንግዲያው ብስጭት ነው፣ ማኅበር የጎደለበት ሰው እህል አይጥመውም ብዬ ተውኩት። የደሙ ቀን ደርሶ ነው የሄድኩት።

ሐኪሙ የደሙን ውጤት ይዞ መጣ። አልሳቀም።

«እማማ፣ የታመሙ አልመሰለዎትም?»

«ክሩን አላለፈም» አልኩት።

ምን ክር እንደሆነ ልጄ ነገረችው። እሱም ዘበኛው በጣም ሲተኛ ትኩሳት የሚያነሳ እንደማይኖር፣ ሌባ ሳያስጮህ እንደሚገባ አስረዳኝ። ሌባው፣ እነሱ ተዋሲ የሚሉት፣ ደሜ ውስጥ ተገኝቷል። የኩላሊቷም ሥራ መድከም ጀምሯል። አስተኙኝ። በክንዴ መድኃኒት አንጠለጠሉ፤ ዘበኛውን ከሚያስተኙት ኪኒኖች አንዱን አቆሙ።

እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። ኪኒኑ ሲቆም ዘበኛው ይነቃል። ሲነቃ ሌባውን ይይዛል ወይስ የልጄን ኩላሊት ይነክሳል? ሐኪሙን ስጠይቀው «እያየን ነው፣ በየጊዜው ደምዎን እናያለን» አለኝ። ልጄ አፏን ሸፍና ከበሩ አጠገብ ቆማለች። አንድ ነው የቀራት፤ ደግማ የምትሰጠኝ የላትም። «ይሄን ያህል አፍጥጠሽ አትዪኝ፣ እዚህ ሆዴ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ራስሽን ጠብቂ» ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አንድ ቀን ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ከማን ያዘኝ? ማንንም አልሳምኩ፣ ከጽዋው አልጠጣሁ፣ በጎቼን ሰጠሁ።»

«ይሄኛው ከማንም አይደለም፣ እማማ። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል። ከዚያ ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል። ዘበኛው ሲደክም ይነሳል።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ያን ቀን ብዙ አሰብኩ። ሰው እየሸሸሁ፣ በሬን እየዘጋሁ፣ ሌባው ከውስጥ መደቤ ላይ ተኝቶ ኖሯል። ከኔ ጋር እረኛ ሲሰድብ ያደገ፣ ሰርጌን ያየ፣ ባሌን ሲቀብሩ አብሮኝ የቆመ። ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ «ታዲያ ሰዎቹን በከንቱ ሸሸሁ?» አልኩት።

«በከንቱ አይደለም። ሌላውን ሌባ ደግሞ መሸሽዎ ነው ያስቀረልዎት። ኩባያዎን አይተዉ። ሰዉን ግን ከቤት ውጭ፣ አየር ባለበት፣ ራቅ ብለው ቢያገኙት ማን ከለከለዎት?»

ያንን ቀድሞ ቢለኝ ምን ነበረበት። ብሎ ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት ክልከላውን ብቻ ነው።

ኩላሊቷ አልተነከሰችም። ደከም ብላ ቆይታ መልሳ በረታች። ኅዳር አልቆ አገሬ ስገባ ወደ ካቡ ሄጄ ተጣራሁ። ጎረቤቴ ኩበት እየጠፈጠፈች ነበር።

«መጣሽ?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«መጣሁ። ሌባውም ተያዘ። እናንተን ጠርጥሬ ነበር፣ ለካ የቤቴ ልጅ ኖሯል።»

የሐኪሙን ነገር ስነግራት እጇ ኩበት እንደያዘ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ «ደጅሽን ያለፍነው ጊዜ» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አንቺ ስትሄጂ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጆሮዬ ይቆም ነበር» አለች በምትኩ። «ደወሉ ሲጠፋ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያው ተራዬን መልሱልኝ።»

«የማትጠጪውን እንዴት ታጠጪናለሽ?»

«ላም ወተቷን ትጠጣለች? ታጠጣሽ የለ።»

የታኅሣሡ ማኅበር ሲያበቃ ጽዋውን ደጄ ድረስ አመጡት። እልልታውን ዝቅ አላደረጉም። ጥር ሃያ አንድ ለአስተርዮ ደገስኩ። ጠላውን ጠመቅኩ፣ ዳቦውን ጎረቤቴ ጋገረችልኝ። ከቤት ሳይሆን ግቢዬ ሣሩ ላይ በጸሐይ ተቀመጡ። እኔ ወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ፣ ውኃውን አፍልቼ የበጠበጥኩትን ብርዝ በኩባያዬ ይዤ። የማኅበሩ ቄስ ባረኩ፤ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፤ እኔ ጋ አልደረሰም። ጎረቤቴ ከነሱ ተነስታ በነሱና በኔ መካከል፣ ባዶው ሣር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። «እዚህ ጸሐይ አለ» አለች። ጸሐይ በሁሉም በኩል ነበር።

ዳቦው ሲታደል ለኔ ሁለት ቁራሽ በሰሃን አኑራ በሣሩ ላይ ገፋችልኝ።

«ሁለት ለምን?» አልኳት።

«አንዱ የእንግዳዋ ነው» አለች፣ በአገጯ ወደ ቀኝ ሆዴ እያመለከተች።

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ያቺ ተጠየፈች ያለችኝ ሴትዮ ሳትቀር።

ሲመሽ ጽዋውን ተረኛዋ ይዛ ሄደች። ሣሩ ተረግጦ፣ ቤቴም እንደ ድሮው ዝም ብሎ ቀረ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ሁለተኛውን ቁራሽ በነጠላዬ ይዣለሁ። ስልኩ ጮኸ። አቤት ልል አፌን ስከፍት ከካቡ ማዶ፣

«አንቺ፣ ኩላሊትሽ ደወለች።»

«ሰምቻለሁ። ተኚ።»

ኪኒኔን ዋጥኩ። የእንግዳዋንም ድርሻ በላሁላት።