ሁለት ገብቶ ሦስት ሲወጣ

ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ፣ ማንም እንዳያታልለኝ ብዬ ነው። የልጄ የፊዚክስ ማስተርስ ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገጽ በገጽ ገልጬው ምንም አልገባኝም። ጠየቅኳት።

«ሁለት ፕሮቶኖች ይጋጫሉ፤ ጉልበታቸው ልክ ሲበቃ ፒዮን የሚባል አዲስ ቅንጣት ይወለዳል» አለችኝ።

«ሁለቱስ?»

«እንዳሉ ናቸው።»

እኔ ሸቤ ከተማ፣ ቡና መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። ከገባው በላይ ከወጣ ወይ ጠጠር ተጨምሮበታል ወይ ውሃ ነክቶታል። «ታዲያ ሦስተኛው የት ተደብቆ ነበር?» ስላት ሳቀችብኝ።

«የትም አልነበረም አባዬ። የግጭቱ ጉልበት ነው ክብደት የሆነው። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጉልበቱ ገና ሲበቃ፣ በሙከራ የሚወለደው ፒዮን በስሌቴ ከማገኘው በቁጥር ይበልጣል። ትርፉ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።»

«እንዲህ ብለሽ እንዳትናገሪ!» አልኳት። እኔን ያባረሩኝ ሚዛኑ አልገጥም ሲል «አላውቅም» ስላልኩ ነው።

ጅማ ላይ ጽሑፏን ለፈታኞች ባቀረበች ቀን ከኋላ ተቀመጥኩ። አንዱ ፈታኝ በእንግሊዝኛ ጠየቃት፤ መለሰች።

«ምን አለች?» አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ተማሪ።

«‹እስካሁን አላውቅም› አለች፣ አባባ።»

አንገቴን ደፋሁ። ቆይቶ ጭብጨባ ሰማሁ፤ አልፋለች።

ፈታኙ ሲወጣ «ጎበዝ ልጅ አለችዎት» ብሎ ጨበጠኝ።

«በምኗ?» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነው የጠየቅኩት።