ያዝኩ ያላለው ሰው

መስታወት ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ይሠራሉ፤ አራቱም ባለቤት ናቸው። የቀድሞው ባለቤት እርጅና ሲጫነው ቤቱን ለአራቱ እኩል አካፍሎ ሄደ። በዚያው ሳምንት ቆራጩ ሊቀመንበር ሆነ። ያለ ምርጫ ሆነ ማለት ስም ማጥፋት ነው፤ ምርጫማ ነበር። «የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሦስቱ ዝም አሉ፣ «በሙሉ ድምፅ!» አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ራስ ሳበ። ታላላቅ ምክር ቤቶች ስንት ደም አፍስሰው የደረሱበትን ሥልጣኔ ይህ ሰው የቀዳው ሻይ ሳይበርድ ደረሰበት።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ግን እሱ አይደለም። ስለ ሊቀመናብርት የተጻፈው ይበቃል፤ አብዛኛውንም የጻፉት ራሳቸው ናቸው። የእኛ ሰው ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው፣ መስታወት ሲጓዝ የኋላውን ቀኝ ማዕዘን የሚይዘው፣ «እንዳላችሁ» የሚሉት ተሸካሚ ነው። ስሙን ያወጣችለት ከአራቱ አንዷ የሆነችው ሹፌሯ ናት። ምሳ የት እንብላ ሲባል «እንዳላችሁ»። ዝናብ መጣ፣ እንጫን ወይስ እንቆይ ሲባል «እንዳላችሁ»። ሚስቱ ደግሞ «እኔንም ያገባኝ ወንድሞቹ እንዳሉት ነው» ትላለች፤ እየሳቀች ትላለች፣ ግን ደጋግማ ትላለች።

ሰውየው ሞኝ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ «ፍሳሹ ተደፍኗል» ብሎ ተናግሮ ነበር። ወዲያው የፍሳሽ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ አባሉም እሱ ሆነና ከሰዓቱን በሙሉ በእንጨት ሲጎረጉር ዋለ። ከዚያ ወዲህ አፉን ለምግብና ለማዛጋት ብቻ ይከፍታል።

አንድ ቦታ ሲቀር። የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ የሥራ ደንብ አለ። ትልቅ መስታወት ሲነሣ አራቱ በአራቱ ማዕዘን ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ በተራው «ያዝኩ» ይላል። አራቱም ካሉ በኋላ የኋላ ቀኙ «ይነሣ» ይላል፣ መስታወቱ ይነሣል። አንዱ ዝም ካለ ማንም ንቅንቅ አይልም። እያስነጠሰውም ይሁን ጓንቱን እያስተካከለ፣ ይጠበቃል። መስታወቱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ እሱ ብቻ ይናገራል፤ ሌላው ሊቀመንበርም ቢሆን ትንፍሽ አይልም። እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት መንግሥት ነበረ ማለት ነው፤ ጠረጴዛው ዘንድ ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል፣ መስታወቱ ዘንድ ዝም ያለ ሰው እምቢ እንዳለ። አራቱም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀን ስንቴ ሲመላለሱ ድንበሩን ልብ አላሉትም።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት የልብስ ሱቅ ባለቤት ግድግዳ የሚያክል መስታወት አዘዘች። ሱቋ ያለው ደረጃው እንደ አንጀት በጠበበና በተጠማዘዘ ሕንፃ አናት ላይ ነው። ስብሰባ ተጠራ።

«አንድ ሃሳብ አለኝ» አለ ሊቀመንበሩ። «እንውሰደው። ስማችን ይነሣበታል።»

«እደግፋለሁ» አለ አራተኛው ባለቤት፣ የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም። ይህ ሰው የሚደግፈው ሃሳብ እስኪጨረስ ጠብቆ አያውቅም።

«ሁለት አድርገን ብንቆርጠውስ?» አለች ሹፌሯ።

«ወጥ ነው የተባለው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ደረጃውን ግን አይታችሁታል? ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እንኳ ግድግዳው ፋቀኝ።»

«ቦርሳሽ ነዋ!» ብሎ የሚስት ወንድም ሳቀ።

«ሳቅ አንተ! መጀመሪያ የሚለካው ያንተ ሆድ ነው።»

«ሥርዓት ይከበር!» ጠረጴዛው ተመታ። «ጋሼ እንዳላችሁ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ጋሼ እንዳላችሁ የሻይ ብርጭቆውን አየ። የሚለው ነበረው። ቀኝ ክንዱ ከዝናቡ ወራት ጀምሮ ከትከሻው በላይ አልነሣም ብሏል፤ ሸሚዙን ጠዋት ጠዋት የምታለብሰው ሚስቱ ናት። ሜዳ ለሜዳ በግራው እየተጋገዘ ይሸፍነዋል፤ ደረጃ ላይ ግን ክብደቱ ሁሉ የሚወርደው ከኋላ ያለው ሰው ላይ ነው። ይህን ቢናገር ማዕዘኑን ይወስዱበታል። መቁረጥ አይችል፣ መኪና አይነዳ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያለው ያ ማዕዘን ብቻ ነው። ዝም አለ። ሹፌሯም እሱ ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ምን አጨቃጨቀኝ ብላ ዝም አለች።

«በሙሉ ድምፅ!»

ማታ ሚስቱ ትከሻውን እያሸች «ነገርካቸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ይሄን ነዋ!» ጫን አደረገችው።

«ኧረ ቀስ! አልጠየቁኝማ።»

«ምን ትላለህ አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«እና?»

በግራ እጁ ጋቢውን ትከሻው ላይ ሳበ።

«አይ የኔ ጌታ! ደረጃው ላይ መስታወቱ ሲያመልጥህ እንዳላችሁ በለው እሺ? ሰምቶህ ራሱ ይመለሳል።»

መስታወቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ ደረጃው ግርጌ ቆመ። አራቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

«ያዝኩ» አለች ሹፌሯ ከፊት።

«ያዝኩ» አለ የሚስት ወንድም።

«ያዝኩ» አለ ሊቀመንበሩ።

ከኋላ ቀኝ ድምፅ የለም። ጠበቁ። ያስነጥሰው ይሆን አሉ። አላስነጠሰም። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ስለነበር ግንባሩ ላይ የወረደውን ላብ አየ፤ ገና ምንም ሳይነሣ።

«ጋሼ?»

«አልያዝኩም።»

በመስታወት ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ሳይዙ ዝም ማለት እንጂ አልያዝኩም ብሎ ማወጅ የማን ነው?

«እንግዲያው ያዛ!»

«አልችልም። ትከሻዬ ከሞተ ሰንብቷል። ሜዳ ላይ ሳታልላችሁ ነው የከረምኩት፤ እዚህ ግን ካታለልኳችሁ አጠገቤ በቆመው ላይ ነው የሚወርደው።» ይህን ብሎ ጓንቱን አወለቀ። የሚያወልቀው ለመጨረሻ ጊዜ እንደሆነ ፊቱ ይናገር ነበር።

ሹፌሯ እጇን አነሣች። «እኔም አልያዝኩም። ድሮም ይሄ ደረጃ አይሆንም ብያለሁ።»

የሚስት ወንድም አማቹን አየ። ሊቀመንበሩ ጣራውን አየ።

«እኔማ አንተ ፈልገኸው መስሎኝ ነው» አለ የሚስት ወንድም። «እኔ ምን በወጣኝ!»

«እኔ ደግሞ ከደገፋችሁ ብዬ እንጂ… ደረጃውን ሳየው እኔም እንመለስ ልል ነበር» አለ ሊቀመንበሩ።

ይኸው እንግዲህ! አንድም ሰው ያልፈለገው ሥራ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ፣ ተቆርጦ፣ ተጭኖ እዚህ ደርሷል። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ቂልነት ሊሠራ አይችልም፤ ሰብሰብ ማለት ያስፈልጋል።

ደንበኛዋ ከላይ ብቅ አለች። «ምን ሆናችሁ?»

«እመቤቴ፣ ሁለት ቢሆን ምን ይመስልሻል?» አለ ሊቀመንበሩ በቀጭን ድምፅ።

«ድሮስ እኔ መቼ አንድ ይሁን አልኩ? ወጥ ካልሆነ አያምርም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ!»

ሹፌሯ ሳቋን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረችው።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ አንድ ሃሳብ ነበረው፤ እንዴት አይኖረው! ከእንግዲህ ጠረጴዛውም ዘንድ አራት «ያዝኩ» ሳይሰማ ውሳኔ የለም። እያሰበ እንዳደረ አስመስሎ አቀረበው፤ አራቱም «ያዝኩ» አሉ። ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ የተፈራው ነው። የኋላ ቀኙን የሹፌሯ ታናሽ ወንድም ይያዝ፤ ጋሼ ጠርዝ ማለስለሻው ማሽን ላይ ይቀመጥ።

«ያዝኩ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ያዝኩ» አለ የሚስት ወንድም።

«ያዝኩ» አለች ሹፌሯ፣ ጋሼን ሳታይ።

እንዳላችሁ ዝም አለ። በድሮው ሕግ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሊቀመንበሩም ከልማድ አፉን ከፈተ፤ ትዝ ሲለው ዘጋው። ሻዩ በረደ። ሦስት ሰዎች ይህን አፍ ሲጠብቁ የመጀመሪያቸው ነው፤ ባለ አፉም የቸኮለ አይመስልም።

«ይነሣ የሚለው ማነው?» አለ በመጨረሻ።

«አዲሱ ልጅ ነዋ» አለ የሚስት ወንድም።

«እሱን አልያዝኩም። ማሽኑ ላይ እቀመጣለሁ። ማዕዘኑንም ይውሰድ። ማን እንዳልያዘ ግን ገና ካተነፋፈሱ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ይበል ጋሼ» አለች ሹፌሯ። «ይነሣ ማለት ትከሻ አይጠይቅም።»

ሦስት «ያዝኩ» ተሰማ። አራተኛው፣ የሊቀመንበሩ፣ ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

አሁን መስታወት ሲነሣ እንዳላችሁ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ከጎን ይቆማል። አራቱን «ያዝኩ» ይሰማል፤ ይጠብቃል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ይነሣ» ይላል። ቤት ውስጥም ምሳው ጨው እንዳነሰው መናገር ጀምሯል፤ ሚስቱ የድሮው ሰውዬ ናፍቋታል። ሊቀመንበሩ ያቺን ቆይታ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ይላታል። የሚለው ግን መስታወቱን ካስቀመጠ በኋላ ነው።