ቀዩ ወደ እናት ራስ

ሲስተር ፀገነት ደክሟታል። ለወግ ያህል አይደለም፤ አጥንቷ ድረስ ደክሟታል። ከአዲስ አበባ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ የመጣችው ለሁለት ዓመት ብላ ነበር፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። አዋላጅነቱ አልበቃ ብሎ፣ ለገጠር ልምምድ የሚመጡትን የሕክምና ተማሪዎች አልትራሳውንድ ማስተማሩም እሷ ላይ ከወደቀ ስድስት ዓመቱ ነው። ለመዱልኝ ስትል ይሄዳሉ፤ ሌሎች ይመጣሉ፤ ደግሞ ከሀ ትጀምራለች።

ማሽኑም ያረጀ ነው። ሆድ ላይ የሚንሸራተተው እጀታ በየትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሚያዝ የሚያሳየው ምልክት ከጠፋ ቆይቷል። እሷ ታዲያ ዘዴ አላጣችም፤ አንዱን ጎን ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችው። "ቀዩ ወደ እናት ራስ!" ትላቸዋለች። "ደግሞ መጀመሪያ በእጃችሁ ዳብሱ፤ ማሽኑ ኋላ ይደርሳል።" ቀለሙ ሲለቅ እንደገና ትቀባለች። ሰኞ ጠዋትም ከአዳር ተረኝነት ወጥታ፣ ዓይኗ እየተከደነ ቀባችው።

የዚያን ዕለት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር መጣች። ስሟ ሰርክ ነው፤ ባሏ አለኸኝ የሩዝ አጨዳውን ጥሎ ነው ያመጣት። ማርቆስ የሚባለው ተማሪ ቀዩን ወደ ራሷ አድርጎ ስክሪኑን አየና፣ "ሲስተር፣ ጽንሱ ተገልብጧል፤ ራሱ ወደ ላይ ነው" አለ።

"ኧረ እግሩ እዚህ ነው የሚረግጠኝ!" አለች ሰርክ፣ የጎኗን አጥንት ሥር እያሳየች።

ደጅ ሃያ ሴት ተሰልፏል። ፀገነት ስክሪኑን በሩቁ አየች፤ እውነትም ራሱ ወደ ላይ ነው ይላል። ሳትዳብሳት፣ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ደብረ ታቦር የሚልካትን ወረቀት ፈረመች።

ቀጣይዋ ሴት ስትተኛ ግን ፀገነት ራሷ ዳበሰቻት። የልጁ ራስ ታች ነው። እጀታውን ብታሳርፍበት ስክሪኑ ግን ወደ ላይ ነው አለ። ቀዩ ላይ አፈጠጠች።

"ውይ በሞትኩት! በተቃራኒው ጎን ነው የቀባሁት!"

ጋውኗን ሳታወልቅ ከማርቆስ ጋር በባጃጅ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያ በረረች። በሰላም መውለድ የምትችል ሴት በእሷ ፊርማ ሆዷ ሊቀደድ! ሚኒባሱ ሞልቶ ለመነሳት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል። ሰርክ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፀገነት ተሳፋሪውን "እስቲ ዞር በሉ" ብላ፣ ወንበሩ ላይ አስደግፋ በነጠላዋ ሥር ዳበሰቻት። ድቡልቡሉ ራስ ታች ነው።

"ውረጂ የኔ እናት። ልክ ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ብዬ ነበር እኮ" አለች ሰርክ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ማርቆስ አቀርቅሮ፣ "ይቅርታ ሲስተር፤ መዳበስ ነበረብኝ" አለ።

ፀገነት ሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች።

"አንተስ ዛሬ ተማርከው" አለችው። "እኔ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ነው።"