ሣር የተጣለበት ኮፈን

የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሌላው የልጅነቱን ሽታ ይናፍቃል፤ እኔ እረግማለሁ።

ሁሩሙ ከተማ ሳለን አባቴ ማርና ቡና ወደ መቱ የሚያመላልስበት አሮጌ ፒክአፕ ከማኅበር ጓደኛው ከጋሼ ፈይሳ ገዛ። ጋሼ ፈይሳ ብልጥ ነበሩ፤ ከቁልፉ በፊት የአገር ሽማግሌዎች አመጡ። ሽማግሌዎቹም ኮፈኑ ላይ ለምለም ሣር ጥለው «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ»፣ በሰላም ሂድ በሰላም ግባ፣ ብለው መረቁ። በኛ ዘንድ የተመረቀ ዕቃ አይመረመርም። ሣሩን ገፍቶ ኮፈን መክፈት ሽማግሌ መናቅ ነው። ማር ሲገዛ እንጨት እስከ እንስራው ግርጌ ሰድዶ የሚፈትሸው አባቴ፣ መኪናውን ሳይከፍት ተረከበ።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ለመደ። ሰኞ ፍሪሲዮን ሲቀየርለት ሐሙስ ራዲያተሩ ያፈሳል፤ ራዲያተሩ ሲበየድ ካምቢዮው እንቢ ይላል። እማዬ «መልስለት እንጂ!» ስትለው፣ «ምርቃት ይመለሳል እንዴ?» ይላታል።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የምወስደው መቱ ነበር። እማዬ በሚኒባስ ይሂድ አለች። አባቴ «መኪና ያለው ሰው ልጁን አስጠቅጥቆ ይልካል?» ብሎ በፒክአፑ ይዞኝ ወጣ። ዳገቱ ላይ ጨሰና ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሚኒባስ ደረሰ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቦታ አለን፤ መኪናዋንም እንጫናት?» ሲል ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። አንድ እግሬን ሚኒባሱ ውስጥ አስገብቼ ነበር። አባቴ ግን ፊቱ ጠቁሮ «ውረድ! አሁን ይነሳል» አለኝ። ወረድኩ።

ስንደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። አባቴ በኦሮምኛም በአማርኛም ለመነ። ዘበኛው «ወረቀቱ ታድሏል ጋሼ» አለ። ለከርሞ ትፈተናለህ ተባልኩ፤ ከርሞ ሲመጣ እኔ ገበያ ውስጥ ነበርኩ። የተማርኩት እዚያው ነው።

አባቴ ዛሬም «ዓይን በልቶን ነው» ይላል። ዓይን ፍሪሲዮን አይበላም! ጋሼ ፈይሳን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ፤ ጥርሴ ግን ይፋጫል።

አሁን ሚኒባሱም በዝቷል፣ እኔም ከብጤዎቼ አላነስኩም። ዘንድሮ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ተፈተነች። ገና ጤዛው ሳይረግፍ አደረስኳት። ወላጆች ሁሉ ሲበተኑ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ የረሱት ነገር አለ?» አለኝ ዘበኛው።

«የለም፤ እሷ ውስጥ ሆና በሩ ሲዘጋ ልይ ብዬ ነው» አልኩት።