የሰው ነው

ያ ጠርሙስ እህቴን ሐዋሳ ያደርሳት ነበር ወይስ ቀድሞ ይገድላት ነበር? ዛሬም አላውቅም።

ታናሼ ናት፤ የስኳር ታማሚ። ከባሏ ጋር ፍስሐ ገነት ትኖር ነበርና ኢንሱሊኗ ሲያልቅባት ዲላ እኔና እናቴ ዘንድ መጣች። የጠየቅናቸው መድኃኒት ቤቶች ሁሉ፣ የሆስፒታሉም ሳይቀር፣ «ከሐዋሳ እስኪመጣ ነው» አሉን።

እኔ ቤተ ሙከራ ነው የምሠራው። ዘግይቼ ስለተማርኩ እህቴ «በስተርጅና ተምረሽ ጀርም ታረቢያለሽ» ትለኝ ነበር። አልተሳሳተችም። የሰው ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ እንከትታለን፤ ባክቴሪያው የራሱ እየመሰለው የሰው ፕሮቲን ይሠራል። ሳህን ላይ ለምናሳድጋቸው ሕዋሳት የምንጨምረው ኢንሱሊንም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ማቀዝቀዣችን ውስጥ ነበር። ጠርሙሱ ላይ «ለምርምር ብቻ፤ ለሕክምና አይውልም» የሚል ተጽፎበታል።

«እትዬ፣ እናንተ ጋ ያለው ኢንሱሊን የምን ነው? የከብት ነው?» አለችኝ ያን ቀን ማታ፣ አልጋዋ ላይ ሆና።

«የሰው ነው።»

እናቴ ከጓዳ ሰማች። «የሰው ከሆነ እንዳትነኪው!»

እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት። ቆይታ፣ «የሰው ከሆነ ለሰው ለምን አይሆንም?» አለችኝ።

ለመርፌ የተዘጋጀ አለመሆኑን፣ የባክቴሪያው ቅሪት ደም ውስጥ ቢገባ ሊገድል እንደሚችል አስረዳኋት። እውነት ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እላለሁ።

«እሺ፣ አስተማሪ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሲነጋ ወደ ሐዋሳ ተሳፈርን። ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ አረፈች።

ከሐዘን ወደ ሥራ ስመለስ ሕዋሳቱ በደህና ቆይተውኛል። ባልደረቦቼ ከዚያው ጠርሙስ ሲጨምሩላቸው ሰንብተዋል።

እናቴ ለለቀስተኛው ሁሉ «ትልቋ ልጄ መድኃኒቱ እጇ ላይ እያለ የሰው ነው ብላ አልነካችውም» ትል ነበር። በኩራት ነው የምትለው፤ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

የሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ የእህቴን ልብስ ለዘመድ ልንሰጥ ስናጣጥፍ ነገርኳት።

«እማዬ፣ የሰው ነው ያልኩት የሌላ ሰው ንብረት ነው ማለቴ አልነበረም።»

«ታዲያ?»

«የሰው ልጅ ማለቴ ነው። የእኔም፣ የአንቺም ሰውነት የሚሠራው። እሷ ያጣችው ያው ራሱ።»

የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች።

«ታዲያ የእሷ ነበራ» አለችና ያጠፈችውን ቀሚስ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።