መንገድ መሃል የቆመው ቤት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ጌጫ ከተማ ነው። የሚኒባስ ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ልብስ የምሰፋበትን ቤት የሠራው አያቴ ነው። ከጅማ በቅሎ እየነዳ መጥቶ፣ ከጫካ ያወጣውን ጥቁር እንጨት ያለ ምስማር በሐረግ እያሰረ አቆመው። መጀመሪያ የቡና መጋዘን ነበር፤ ቀጥሎ ልጆች ቁርኣን የምንቀራበት፣ በኋላ ደግሞ የእናቴ መኖሪያና የእኔ ሱቅ ሆነ። በከተማችን እሱን የሚያህል አሮጌ ቤት መኖሩን እንጃ።

መንገዱ ሊሰፋ ነውና ግሬደሩ ሰኞ ከመድረሱ በፊት አንሱ ተባልን። ምትክ ቦታው ከመንገዱ ማዶ ነው። ወንድሜ “አፍርሰን እንጨቱን እንሽጠውና በብሎኬት እንሠራለን” አለ። የድሮ ሐረግ አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይታሰርም። “ሳይፈርስ ይሻገራል” አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ እልኸኛ ነኝ።

እሑድ ደቦ ጠራሁ። ቆርቆሮውን አወረድን፣ ጭቃውን ከነግድግዳ እንጨቱ አራገፍን፣ ምሰሶና ጣሪያው እንደታሰረ ምሰሶዎቹን ከሥራቸው ቆፍረን ከመሬት አላቀቅን። አያቴ ጫፋቸውን በእሳት ለብልቦ ነበር የቀበራቸው። ምስጥ አልነካቸውም። ወንድሜ እነሱን ሲያይ መሳቁን ተወ።

ችግሩ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ትልቅ ሰው አርፈው ብዙው ወንድ ለቅሶ ሄደ። ነገ ይሁን እንዳንል ነገ ሰኞ ነው። በመጡት ጥቂቶች ጀመርን። መሸከሚያ እንጨት ከውስጥ በኩል አግድም አሰርንና ሴቶቹም ገባንበት። እናቴ ውጪ ብትባል “ከቤቴ አልወጣም” ብላ መሃል ላይ ቆመች። ቤቱ ሲነሳ እሷም ውስጡ ሆና አብራን ትራመድ ጀመር።

መንገዱ መሃል ስንደርስ ጉልበታችን አለቀና አስቀመጥነው። እንደገና እናንሳ ብንል ንቅንቅ አልል አለ። እኔ ላልቅስ ምንም አልቀረኝ። በዚህ መሃል ከቴፒ የሚመጣ ሚኒባስ ደረሰ።

ሹፌሩ ክላክሱን አስጩሆ አስጩሆ ሲሰለቸው ወረደ። “ቤት መንገድ ላይ ይሠራል እንዴ? እኔ ሰው ጭኛለሁ፣ አንሱልኝ!” አለ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ እንደቆመች “ልጄ፣ እንግዳ ውጭ አይቆምም። ግባ። ገብተህ አንሳው” አለችው።

ሰውዬው አያት። በፈለገው በኩል መግባት ይችል ነበር፤ በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነው። እሱ ግን ዞሮ፣ መቃኑ ብቻ በቀረው በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ተሳፋሪዎቹም እየተሳሳቁ ተከተሉት፤ ሁሉም በበሩ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእኛ ሎሚ ለጌጥ ትንሽ ከበደ እንጂ ተነሳ፤ ማዶ ደረሰ። ቆጮ በአይብ ቅመሱ ብንላቸው “ይመሽብናል” ብለው ሄዱ። የአንዳቸውንም ስም አልጠየቅኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰኞ ግሬደሩ ሲያልፍ ባልተመረገው ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ አየሁት።

አሁን ግድግዳው ተመርጓል። ወንድሜ በሩ አጭር ነው፣ ከፍ እናድርገው ይለኛል። እምቢ ብዬዋለሁ። ያ ሁሉ የማላውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ የገባበት በር ነው፤ እኔ በሕይወት እያለሁ አይነካም።